አሥራ አንድ ዓመት ያልተቀመሰ ወይን

የምስራች! ቀመሱ! ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ እኔ በዓይኔ በብረቱ እያየሁ፣ አንዲት ፍሬ ወይን ከዘለላዋ በጥሰው፣ በአውራ ጣታቸው ጠርገው፣ አፋቸው ውስጥ ከተቱ። አኘኩ። ዋጡ። ዘሯን ግን አልዋጡም፤ መዳፋቸው ላይ ተፍተው ኪሳቸው አስገቧት። ለምን እንደሆነ ገና አልጠየቅኩም። እንዲህ ያለ ዜና ይዞ ዝም ማለት ማንን ያስችለዋል? የምነግረው ሰው ሩቅ ነው፣ ስልኬ ሞቷል፣ መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ ስለዚህ እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ቀማሹ ማን ናቸው ብትሉ፣ ማርጋር ናቸው። የሸሪጋን መንደር የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጠባቂ፣ ደወል ደዋይ፣ ሻማ አብሪ፣ ጣሪያ ጠራጊ፣ ባጭሩ ካህን ከመሆን በቀር ሁሉንም የሆኑ። ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነው። የእናቴ ታናሽ እህት የሳቴኒክ ባል ናቸውና እኔ አጎቴ እላቸዋለሁ። ከኢስፋሃን ሦስት ሰዓት ተነድቶ በሚደረስበት በዚህ ብርዳም ከፍታ ላይ ከአርመኖቹ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሥራው ውስጥ የገቡት ሳያስቡት ነው። ቀድሞ ጠባቂው የሳቴኒክ አባት ነበሩ። አንድ ቀን ዓይናቸውን ሊታከሙ ወደ ከተማ ሲሄዱ፣ ስንዝር የሚያህለውን የብረት ቁልፍ ለአማቻቸው አቀበሉና “ለአንድ ሳምንት ያዝልኝ” አሏቸው። ዓይናቸው ዳነ፤ ልባቸው ግን እዚያው ቆመች፣ አልተመለሱም። ሳምንቱ ይኸው አርባ አንድ ዓመት ሞላው። ማርጋር ያን ጊዜ የመንደሩ ትራክተር ነጂ ነበሩ። ቁልፉ ከክብደቱ የተነሣ ኪሳቸውን እየበሳ ሲያስቸግራቸው ሳቴኒክ ኪሱ ውስጥ ቆዳ ሰፋችበት። ከዚያ ወዲህ ሱሪ ባለቀ ቁጥር ቆዳው ከአሮጌው ተፈትቶ አዲሱ ላይ ይሰፋል። ሳቴኒክ ከሞተች በኋላ የምሰፋው እኔ ነኝ። ጁልፋ በሚባለው የኢስፋሃን የአርመን ሰፈር መጋረጃ ሰፊ ስለሆንኩ ቆዳ ለኔ ምንም አይደለም፤ ጣቴን ሁለቴ ወጋሁት እንጂ።

ቁልፉን ሲረከቡ በመንደሩ ስልሳ የአርመን ቤት ነበር። ከዚያ አንዱ ለልጁ ትምህርት፣ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤቱ ስለሄደበት ብቻ ሄደ። እኛም ሄድን፤ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የማስታውሰው የጭነት መኪናው ላይ የተገለበጠውን አልጋችንን ብቻ ነው። የሚሄደው ሁሉ የቤቱን ቁልፍ ለማርጋር ይሰጣል። “እንመለሳለን፤ እስከዚያው ያዝልን።” ቁልፎቹ ዛሬም ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ በስተ ግራ ግድግዳው ላይ፣ በየሚስማሩ ተንጠልጥለዋል። ቤቶቹ ግን አንዳንዶቹ ተሸጡ፣ አንዳንዶቹ ጣሪያቸው ገባ፣ አንዱ የበግ በረት ሆነ። ማርጋር በዓመት አንዴ፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ሁሉንም አውርደው ዘይት ይቀቧቸዋል።

“ምን ይከፍታሉ አጎቴ?” አልኳቸው አንድ ጊዜ።

“ምንም አይከፍቱም። ዝገው ቢያገኟቸው ግን ባለቤቶቹ ምን ይሉኛል?”

እንዲህ ናቸው። እኔ እሳቸውን ሳይ መጀመሪያ የሚይዘኝ ሳቅ ነው፤ ቀጥሎ ግን ትከሻዬ ላይ አንድ ነገር ይጫነኛል።

የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ጭቃ ነው። በረዶ ከጣለ በዚያው ቀን መዛቅ አለበት፤ ካልተዛቀ ይቀልጥና ሰርጎ መሠዊያው ላይ ይንጠባጠባል። ከተዛቀ በኋላ ደግሞ ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የድንጋይ መዳመጫ ከዳር እስከ ዳር ይንከባለልበታል። በረዶ እዚህ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይወርዳል። ማርጋር ከምሥራቅ ጫፍ ጀምረው ምዕራብ ጫፍ ሲደርሱ የጀመሩበት ጫፍ እንደገና ነጭ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ዞረው ያዩታል። አካፋቸውን ያነሣሉ። ይመለሳሉ። “ደከመዎት?” ሲባሉ “መዳመጫው ከብዷል” ይላሉ። “ዕድሜ ነው አጎቴ” ሲባሉ “የዘንድሮው በረዶ እርጥብ ነው” ይላሉ። አርባ አንድ ክረምት በረዶውንና ድንጋዩን ሲከስሱ ሰምተናቸዋል፤ ራሳቸውን ሲከስሱ ግን የሰማ የለም።

ባለፈው የካቲት ከመሰላሉ ወደቁ። ያገኟቸው ጎረቤታቸው መሽሀዲ ኑሩላህ ናቸው፤ ማርጋር በረዶው ውስጥ ተቀምጠው አካፋቸውን ይፈልጉ ነበር። ጉልበታቸው እንደ ዳቦ አበጠ። ሐኪሙ ለልጃቸው ለሃስሚክ በግልጽ ነገራት፤ ሌላ ክረምት እዚያ ጣሪያ ላይ ከወጡ በእግራቸው አይመለሱም። ሃስሚክ ጁልፋ ውስጥ ትዳር አላት፣ ቤት አላት፣ አባቷን የምታሳርፍበት ክፍል አላት። ያልነበራት የአባቷ “እሺ” ብቻ ነው።

“እመጣለሁ፣” ይሏታል፤ “ወይኔን ልቅመስና እመጣለሁ።”

እንግዲህ ወይኑን ልንገራችሁ። ሳቴኒክ በተዳረችበት ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ ደቡባዊ ግድግዳ ሥር የተከለችው አንድ ሐረግ ነው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ለሐረጉ ያካፍለዋል፤ ባይሆን ኖሮ በዚህ ብርድ አይጸድቅም ነበር። እኛ ወይን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሳይባረክ አንቀምስም፤ ይህ የሁላችንም ነው። የሸሪጋን ሰው ግን አንድ ነገር ጨምሮበታል፤ የራሱ ሐረግ ያለው ሰው የሰው ወይን ቀድሞ አይቀምስም። የራሱ ወይን መሠዊያ ፊት ቀርቦ፣ እሱን ቀምሶ፣ ከዚያ ነው የሌላውን የሚበላው።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ በእመቤታችን በዓል ሰሞን፣ ከጁልፋ በሚኒባስ ተጭነን እንመጣለን፤ እዚህ የተወለድን ሰዎችና አንድ ቄስ። ቄሱ መንገድ ላይ ሦስት ሣጥን ወይን ይገዛሉ፣ እዚህ ይባርካሉ፣ ሁላችንም እንበላለን። ማርጋር ድርሻቸውን በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፣ ይሳለሙታል፣ መስኮቱ አጠገብ ያንጠለጥሉታል። ዘቢብ ሲሆን ስለት ይዘው ሻማ ሊያበሩ ለሚመጡት የመንደሩ ሙስሊም ሴቶች ያድሉታል። እሳቸው አንዲት ፍሬ አይነኩም። አሥራ አንድ ዓመት! እኛ ደግሞ ምክንያቱን ያወቅን መስሎን ነበር። “ለሳቴኒክ ሐዘን የተሳሉት ስለት ነው” እንባባላለን፣ ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ ተጨማሪ ዘለላ እንበላለን።

ሃስሚክ አንድ ዓመት ወይኑን በሣጥን ይዛ ጁልፋ ልታስባርከው ብላ ነበር። ማርጋር ተቆጡ። “ቤተ ክርስቲያኑ ቆሞ እያለ ወይኑ ሰው ቤት ይሂድ? ከዚህ ግድግዳ ሌላ አባት የለውም” አሏት። በዚያው ቀረ።

መሽሀዲ ኑሩላህ ደግሞ አሉ። ከማርጋር በሁለት ዓመት ያንሳሉ፤ መሽሀድ ከተማ ያለውን ቅዱስ መቃብር ተሳልመው ከመጡ ወዲህ ስማቸው መሽሀዲ ሆነ። በጎችና የወይን እርሻ አላቸው። መስከረም ላይ በየዓመቱ አንድ ሳህን ወይን ይዘው ይመጡና ማርጋር ፊት ያስቀምጣሉ።

“ብላ እንጂ አንተ ግትር! ወይኔ ሙስሊም ስለሆነ ነው?”

“ወይንህስ ደህና ነው። ባለቤቱ ነው የሚያስቸግረኝ።”

“አላህ ይይልህ! ሰው ከወይን ጋር ይኳረፋል?”

“አንተ ሠላሳ ቀን ጾመህ ስታለቅስ መንደሩ አይተኛም። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስጾም ሰማኸኝ?”

“ኧረ እየሰማሁህ ነው! እሑድ እሑድ ያንን ደወል በጆሮዬ የምትደውለው ምንድን ነው?”

“ነገ ገበያ መሆኑን እንዳትረሳ ብዬ ነው።”

እውነት ነው፣ መሽሀዲ የሰኞ ገበያቸውን የሚያውቁት በማርጋር ደወል ነው። ያንን ደወል ከእሳቸው ሌላ የሚሰማው የለም።

አሁን ወደ ዘንድሮው ነሐሴ ልግባ። ጸሎቱ አልቆ ቅጥሩ ውስጥ ምሳ እየበላን ነው። መሽሀዲ እንደ ልማዳቸው ቀዝቃዛ የእርጎ መጠጥ በገንቦ ይዘው መጡ፣ እንደ ልማዳቸውም ቀልዳቸውን ጣሉ።

“ማርጋር! ቄስህ ነሐሴ ላይ ይመጣል፣ ወይንህ መስከረም ላይ ይበስላል። ኧረ አንዳችሁ ሰዓታችሁን አስተካክሉ!”

ሳቅን። ይህን ቀልድ በየዓመቱ ይሉታል፣ እኛም በየዓመቱ እንስቃለን፤ ከመጠጡ ጋር የሚመጣ ነገር ነው። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን ቀልዱ እውነት ቢሆንስ አልኩ። ብድግ ብዬ ወደ ደቡቡ ግድግዳ ሄድኩና ዘለላውን ዳሰስኩት። ጠጠር! አረንጓዴ፣ ድርቅ ያለ ጠጠር! ከተማ ያደግን ሰዎች፣ ወይን ከሱቅ የምንገዛ ሰዎች፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ሐረግ ሥር ወዲያና ወዲህ ስንል አንዳችንም ቀና ብለን አላየንም።

ማርጋር ደጃፉን እየጠረጉ ነበር።

“አጎቴ፣ ይሄ ወይን መቼ ነው የሚበስለው?”

“በመስቀል።”

“ድሮ መቼ ነበር የሚባረከው?”

“በመስቀል። አባ ሜስሮፕ ነፍሳቸውን ይማርና ከታችኛው መንደር በበቅሎ ይመጡ ነበር። የሞቱት ሳቴኒክ በሞተችበት ዓመት ነው።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩንም?”

“ማን ጠየቀኝ?”

“አጎቴ! መጠየቅ ያስፈልጋል እንዴ?”

መጥረጊያውን ግድግዳ አስደገፉት። “ሹሻን፣ ቄሱ ሦስት ሰዓት ነድተው ይመጣሉ። ላብ በላብ ሆነው ሣጥኑን ራሳቸው ያወርዳሉ። ደስ ብሏቸው ይባርካሉ። ተሳስተዋል ልበላቸው? እሳቸውስ አይደክማቸውም?”

የሚኒባሱን መንገድ ሁሉ ስስቅና ሳለቅስ ተመለስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፀሐይ የመታኝ መስሏት ራሴ ላይ ውኃ አፈሰሰችብኝ።

በማግስቱ አባ ናሬግን ፍለጋ ሄድኩ። ቄሳችን ገና አርባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ፊታቸው ግን የስድሳ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ፣ ካህኑ ጥቂት፤ አንዱን ከፍተው ሳይዘጉ ሌላው ይጠራቸዋል። በጁልፋ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆመው ዳቦ በአይብ እየበሉ አገኘኋቸው። ስነግራቸው ማኘካቸውን አቆሙ።

“አሥራ አንድ ዓመት?”

“አሥራ አንድ።”

“ከነሱ አራቱ የኔ ናቸው” አሉና ግንባራቸውን በእጃቸው ያዙ። “ያን ሁሉ ሣጥን ስሸከም ሲያዩኝ አንድ ቃል አይናገሩም?”

“እርስዎ ደክሞዎታል ብለው ነው።”

ሳቁ፤ ሳቁም የደከመ ነበር። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው የመስከረምን ገጽ ገለጡ። እሑድ የመስቀል በዓል ነው፣ ከጁልፋ ንቅንቅ ማለት አይችሉም። ሰኞ የሙታን መታሰቢያ ነው፣ ከመቃብር መቃብር ሲዞሩ ይመሻል። ማክሰኞ የታመሙ፣ ረቡዕ ስብሰባ። “ሐሙስ” አሉ። “ለአንድ ሰው ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ግን ሐሙስ እመጣለሁ። ወይኑ ይቆይ እንጂ።”

ሃስሚክ ስትሰማ ደስ አላት፤ ተማምናበት ግን አይደለም። “ሹሻን፣ የዚያ ሳምንት ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ” አለችኝ። “ቢቀምስም ባይቀምስም አወጣዋለሁ። ክረምቱ አይጠብቀኝም።” ይህን ለማርጋር ባደርስ የመለሱት አንድ ነገር ነው። “ሳልቀምስ ከወጣሁ ተሸክማኝ ነው የምትወጣው።” ያሉትን እንደሚያደርጉ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ሐሙስ ላይ ወደቀ።

መስከረም ገባ፣ መስቀል አለፈ፤ ረቡዕ ዕቃቸውን ላስርላቸው መጣሁ። የሚታሰር ግን የለም፤ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ጥቁር ኮት፣ የሳቴኒክ ፎቶ። ወይኑ በስሎ ነበር! ጥቁር፣ አቧራማ፣ በትናንሽ ዘለላ። ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል መሽሀዲ መጡና አየሩን እንደ በግ አሸተቱ።

“ማርጋር፣ ዛሬ ውርጭ አለ።”

“ገና ነው። ውርጭ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።”

“ለውርጩ ንገረው እንግዲህ። ቁረጠውና ቤት አስገባው።”

“በዕለቱ ነው የሚቆረጠው።”

“ያ ረቢ! ይሄ ሰው እኮ ከበሬ ተወልዶ በስህተት ክርስትና የተነሣ ነው!” አሉና መሽሀዲ ትተውን ሄዱ። ተቀይመው የሄዱ መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይተው አህያቸው ላይ አንድ ትልቅ ሸራ ጭነው ተመለሱ። በሙሐረም ወር፣ በሙስሊሞቹ ዓመታዊ ሐዘን፣ መንደሩ በትልልቅ ድስት ሲያበስል ማብሰያውን የሚጋርዱበት ሸራ ነው። “ለመስጊዱ ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ” አሉ። “ማርጋር ዘንድሮም ካልቀመሰ ለሌላ አሥራ አንድ ዓመት ሊያስለፈልፈኝ ነው አልኳቸው። ውሰድ፣ ውሰድ አሉኝ።”

መሰላሉ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ማርጋር ከታች መሰላሉን ያዙ፤ መያዝ ብቻ ነው የፈቀድንላቸው። ሸራውን ከጣሪያው ጫፍ እስከ መሬት አወረድነው፣ ታችኛውን ጠርዝ በድንጋይ ተጫንነው፤ የጣሪያ መዳመጫው እንኳ ወርዶ ለዚህ ሥራ ዋለ። ጠዋት ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ሸራውን ስንገልጠው ወይኑ ውርጭ ሳይነካው ሞቆ ጠበቀን። ማርጋር የመሽሀዲን ትከሻ አንዴ መታ አደረጉና ደወል ሊደውሉ ገቡ።

ቄሱ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። ማርጋር ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ወይኑን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ተቀመጡ። አምስት ሆነ። መብራት ጠፋ፣ ከመብራቱ ጋር የኔ ስልክም አበቃ። ስድስት ሆነ። ተርቦች መጡ፤ በመሃረብ እያባረርኩ ክንዴ ዛለ።

“ቄስህ እንደ መብራቱ ናቸው” አሉ መሽሀዲ ከደጃፉ። “ይመጣሉ ይባላል።”

“ዝም በል፣ ተርቡን ጠብቅ።”

ሰባት ሰዓት ላይ የአባ ናሬግ መኪና በአቧራ ተሸፍና ገባች። ጠዋት ድንገት የቀብር ጸሎት ወጥቶባቸው ነው። ፊታቸው እንደ ሻማ ነው። ይቅርታ እየጠየቁ፣ እየተቻኮሉ፣ ልብሰ ተክህኗቸውን ሊለብሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። አንድ እጃቸውን በአንዱ እጅጌ አስገቡ። ከዚያ ምንም የለም። ቀና ብዬ ሳይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንዱ እጅጌ ለብሶ ሌላው ተንጠልጥሎ፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ልነካቸው እጄን ስዘረጋ ማርጋር ያዙኝ።

“አትንኪያቸው።”

“አጎቴ! አሥራ አንድ ዓመት!”

“ወይኑ የትም አይሄድም። ተያቸው ይተኙ።”

ጥቁር ኮታቸውን አውልቀው ቄሱን አለበሷቸው። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። ከትንሿ መስኮት የገባችው ፀሐይ ከወለሉ ተነሥታ ቀስ እያለች ግድግዳውን፣ ቁልፎቹን፣ አንድ በአንድ እየነካች አለፈች። መሽሀዲ ደጃፉ ላይ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ላይ ደፍተው አሸለቡ። እኔም ራሴን ሁለቴ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት። ነቅተው የቆዩት ማርጋር ብቻ ናቸው፤ አንድ ሰዓት ያህል፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የተኛውን ሰው ሲጠብቁ። በዚያች ሰዓት ያን ያህል ዓመት እንዴት እንደኖሩ የገባኝ መሰለኝ።

አባ ናሬግን የቀሰቀሳቸው የራሳቸው ማንኮራፋት ነው። ብድግ አሉና ደነገጡ። “ስንት ሰዓት ተኛሁ?”

“ገና አሁን ነው የተቀመጡት” አሉ ማርጋር። ዓይናቸውን አላርገበገቡም።

ከዚያ ተጀመረ። መዘምራን የለ፣ ዲያቆን የለ፤ ማርጋር በሻከረ ድምፃቸው ተቀበሉ፣ እኔ ከኋላ ከኋላቸው አጀብኩ፤ አንድ ሁለት ቦታ ስቼ ቄሱ በዓይናቸው መለሱኝ። መሽሀዲ ኮፍያቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ። አባ ናሬግ በመስቀላቸው ወይኑን ሦስት ጊዜ ባረኩ፤ የመጀመሪያውን ዘለላ አንሥተው ለማርጋር ሰጡ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። በጠሱ፣ ጠረጉ፣ ቀመሱ።

“እህ? እንዴት ነው?” አሉ መሽሀዲ፤ መታገሥ አቅቷቸው አንድ እግራቸው ደፉን አልፏል።

ማርጋር አሰቡ። “ኮምጣጣ ነው።”

“ለኮምጣጣ ወይን ነው ይህን ሁሉ ዘመን ያቃጠልከኝ?!”

“የሷ ነው” አሉ ማርጋር። “ድሮም ኮምጣጣ ነበር።”

ሳቅን፤ ቄሱም ሳቁ፤ እኔ ያለቀስኩት በመሃረቡ ነው፣ ተርብ የማባርርበት መሃረብ። ዘለላውን ተካፈልን፤ መሽሀዲ “አምላክህ ይቀበልህ” ብለው የድርሻቸውን በሉና ፊታቸውን አጨማደዱ። በእውነት ኮምጣጣ ነው! ማርጋር ወደ ደጃፉ ወጡ። ደረጃው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ቀስ ብለው ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ። እንዲህ አሉ።

“ደከመኝ።”

በረዶው እርጥብ ነው አላሉም። መዳመጫው ከብዷል አላሉም። ደከመኝ አሉ፤ ሁለተኛም ደገሙት፣ ቃሉን እንደ ወይኑ እያጣጣሙ። እኔ በሰው ድካም ይህን ያህል ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው አስገብተው ቁልፉን አወጡና ለመሽሀዲ ዘረጉ።

“እንካ። ለአንድ ሳምንት ያዝልኝ።”

መሽሀዲ ወደ ኋላ ዘለሉ። “ወይ ጉድ! ያንተን ሳምንት አውቀዋለሁ!”

“እንግዲያ ለሁለት ሳምንት።”

“አባ፣ ይሄ ነገር ይፈቀዳል?” አሉ መሽሀዲ ወደ ቄሱ ዞረው።

“ጣሪያውን የሚዳምጥ ሌላ ሰው ካወቁ ይንገሩኝ” አሉ አባ ናሬግ።

መሽሀዲ ቁልፉን ተቀበሉ፤ በመዳፋቸው መዘኑት፤ “ይሄማ ኪሴን ሊበሳው ነው” እያሉ አጉረመረሙ። የኔ ሥራ ነው፤ ነገ ቆዳ እሰፋላቸዋለሁ። የማርጋርን ቆዳ ግን አልፈታም። ቁልፉ በወጣበት ኪስ ውስጥ አሁን አንዲት የወይን ዘር አለች፤ ሃስሚክ ደግሞ ግቢዋ ውስጥ ፀሐይ የሚጠጣ ግድግዳ አላት።

አባ ናሬግ ሄደዋል፤ ማታ ሌላ ቦታ ይጠበቃሉ። ማርጋር ውስጥ አግዳሚው ላይ ጋደም ብለዋል፣ በቀን! ከመተኛታቸው በፊት ግን መልእክት ሰጥተውኛል። “ለሃስሚክ ንገሪያት። ቅዳሜ ትምጣ። የምተኛበት ክፍል ፎቅ ላይ ከሆነ ግን አልመጣም፤ ከእንግዲህ መሰላል አልወጣም።” ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው! ዛሬውኑ ወደ ምድር ቤት ማውረድ አለባት፣ አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ሁሉን! ስልክ የሚሠራው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በስተ ጀርባ ካለው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው፣ የኔ ስልክ ደግሞ መሽሀዲ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰክቶ መብራቱን…

መጣ! መሽሀዲ ከወዲያ እየጮሁ ነው፣ “ሹሻን፣ በራ፣ በራ!” ነጠላ ጫማዬስ የት ገባ? ይቅር፣ በባዶ እግሬም እወጣዋለሁ። ሃስሚክ ገና አልሰማችም!